አያትዎ ስለ መርከቡ የነገሩዎት እውነት ነው

ጥያቄ፦ «አያቴ ጎሬ ተወልደው ያደጉ ሰው ነበሩ። አባታቸው ቡና በበቅሎ ጭነው ጋምቤላ ያወርዱ እንደነበር፣ ቡናው ከዚያ በመርከብ ሱዳን ይሄድ እንደነበር ይነግሩን ነበር። ጋምቤላ የእንግሊዝ ነበረች ይሉም ነበር። አሁን ይህን ለሰው ስናገር ማንም አያምነኝም። በባሮ ላይ እውነት መርከብ ይሄድ ነበር? ከተማዋስ እንዴት የእንግሊዝ ሆነች? መርከቡ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ማን ይኖር ነበር?»

ምላሽ፦

አያትዎ የነገሩዎት ሁሉ እውነት ነው። መርከቡም ነበረ፣ ቡናውም ሄዷል፣ እንግሊዞቹም ነበሩ። ለጓደኞችዎ በሙሉ ልብ ይንገሯቸው።

እኔን በጣም ደስ ያሰኘኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። ስለ ጋምቤላ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ላይ ያቆማል። ከዚያ በፊት ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የወደቡን ታሪክ ያለ መንደሮቹ ከነገርኩዎት ግማሹን ደበቅኩዎት ማለት ነው። ስለዚህ ከወንዙ ልጀምር። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ባሮ የሚወለደው ደጋ ላይ ነው። የኢሉባቦርና የወለጋ ዝናብ የሚሞላቸው ገባና ብርብር የሚባሉ ወንዞች ሲገናኙ ባሮ ይሆናል። ከዚያ በጥልቅ ሸለቆ እየተንደረደረ ቆላ ይወርዳል። ጎሬ ከባህር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ከጨረሰ በኋላ ወንዙ ይረጋል። ከጋምቤላ በታች መሬቱ ዘርፈጥ ያለ ሜዳ ነው። ባሮ በሜዳው ላይ ወደ ምዕራብ ይሄድና ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይባላል። ሶባት ከማላካል ከተማ በላይ ነጭ አባይ ውስጥ ይገባል። ነጭ አባይ ደግሞ ካርቱም ያደርሳል። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም በውሃ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ትልቅ መርከብ የሚያስኬድ ወንዝ ይህ ብቻ ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ውሃው ሰኔ ላይ ይነሳል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ይሞላል፣ ከጥቅምት በኋላ መውረድ ይጀምራል። የካቲትና መጋቢት ላይ አለቱና አሸዋው ይወጣል። በዚያ ወቅት መርከብ አይታሰብም። ይህችን ነገር ይያዙልኝ። የመንደሩም፣ የነጋዴውም፣ የመርከቡም፣ የጦሩም ሥራ በዚሁ በውሃው መውጣትና መውረድ የሚሄድ ነበር።

አሁን ወደ መንደሮቹ። በባሮ ግራና ቀኝ፣ ከዛሬዋ ጋምቤላ ከተማ ጀምሮ እስከ ኢታንግና ከዚያም በታች፣ የሰፈረው ሕዝብ አኙዋ ነው። ደቡብ ሲሄዱ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር ያለውም አኙዋ ነው። አኙዋ ራሳቸው ባሮን ኦፔኖ ይሉታል። የሰፈራቸውን ካርታ ቢስሉት ወንዞቹን መሳል ነው የሚሆነው። መንደር ከመንደር ተራርቆ በዳርቻው ላይ ተሰልፏል።

ምክንያቱን ለማየት ጥቅምትና ህዳር ላይ ወንዙ ዳር መቆም ይበቃል። ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ለም ደለል ጥሎ ይሄዳል። ጣና ዳር ያደጉ አንባቢዎች ባህር ሸሽ የሚሉት ዓይነት መሬት ነው። ሰዉ ገና እርጥብ በሆነው ዳርቻ ላይ በቆሎ ይተክላል። ውሃው በወረደ ቁጥር እርሻው ተከትሎት ወደ ታች ይወርዳል። ዝናብ ሳይጠበቅ በበጋ እህል ይገኛል ማለት ነው። ከፍ ባለው መሬት ላይ ደግሞ በክረምት ማሽላና በቆሎ ይዘራል። ወንዙ ሲጎድል ዓሣ ማጥመድ ይቀላል። ከብት ብዙም የላቸውም። ስለዚህ ለአኙዋ የወንዝ ዳር መሬት ማጣት ጓዳን ማጣት ነው። በኋላ የመጣውን ጠብ ሁሉ ለመረዳት ይህ ያስፈልግዎታል።

የመንደሩ አስተዳደር ደግሞ በጣም የምወደው የታሪክ ክፍል ነው። እያንዳንዱ መንደር ኳሮ የሚባል አለቃ አለው። አለቅነቱ በዘር ሐረግ ነው። ከአባት የወረሰው ከበሮና ዶቃ አለው። ሰው ሲቀርበው ጎንበስ ብሎ ነው። ይህን ያየ የውጭ ሰው ኳሮውን እንደ ትንሽ ንጉሥ ሊቆጥረው ይችላል። ክብሩ ግን በነጻ አይመጣም። ኳሮ ማብላት አለበት። ማጠጣት አለበት። እጁ ሲታጠር፣ ስስት ሲጀምር፣ መንደርተኛው ማጉረምረም ይጀምራል። ከዚያ ከዘመዶቹ መካከል ሌላ የኳሮ ልጅ ፈልጎ በአመፅ ያወርደዋል። ከበሮውና ዶቃው ለአዲሱ ይሰጣል። የወረደው ሰው ወደ እናቱ ወገኖች መንደር ሄዶ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። የወታደር ግልበጣ አይደለም። በደንብ የታወቀ፣ ወግ ያለው ነገር ነው። አንድ መንደር ሁለት ሦስት ያለፉ አለቆች በየአጎታቸው ቤት ሊኖሩት ይችላል።

በደቡብና በምሥራቅ በኩል፣ በተለይ አዶንጋ አካባቢ፣ ከኳሮ ሌላ ኝየያ የሚባሉ መኳንንት ነበሩ። እነሱ ደግሞ ከትውልድ ትውልድ ለሚተላለፉ የንግሥና ዶቃዎች ይፎካከሩ ነበር። ከአንድ መንደር አልፈው ብዙ መንደር የማስተባበር አቅም ያገኙት ግን ጠመንጃ ሲመጣ ነው። ጠመንጃው የተገዛው በዝሆን ጥርስ ነው። የጥርስ ንግድ በባሮና በአኮቦ መካከል ያለውን የኃይል ሚዛን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀየረው። በ1904 ዓ.ም. እንግሊዞች ከሱዳን በኩል በአኙዋው ኝየያ በአክዌይ ላይ ጦር ላኩ። አዶንጋ ላይ ውጊያ ሆነ። የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ጭምር ሞተውበት ብዙ ጉዳት ደረሰበት። በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ እንግሊዝ እንዲህ የተመታበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ታሪኩ በትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ውስጥ የሚገባውን ቦታ አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

ከወንዙ ታች ኑዌሮች አሉ። ኑዌር ከብት አርቢ ነው። ጂካኝ የሚባለው የኑዌር ክፍል በ19ኛው መቶ ዘመን ከምዕራብ ተነስቶ ነጭ አባይን ተሻግሮ በሶባት በኩል ወደ ምሥራቅ መጣ። በመንገዱ ብዙ የአኙዋ መንደሮች ተገፉ። ለኑዌሩ ባሮ የበጋ መጠጊያ ነው። ክረምት ሜዳው በውሃ ሲሸፈን ከብቱን ይዞ ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣል። በጋ ሲሆን ሳርና ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አኙዋው በቆሎውን የሚተክልበት ዳርቻና ኑዌሩ ከብቱን የሚያጠጣበት ዳርቻ አንድ ነው፣ ወሩም አንድ ነው። ስለዚህ ጠቡም፣ ጋብቻውም፣ ንግዱም እዚያው ዳርቻ ላይ ነው የተገናኘው።

ሌሎችም አሉ። ኦፖና ኮሞ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። መዠንግር ደግሞ ወደ ደጋው ጥግ ባለው ጫካ ውስጥ ይኖራሉ። በንብ ቀፎና በማር የታወቁ ናቸው። መርከቡ ከመምጣቱ በፊት ማን ነበር ላሉኝ መልሱ እነዚህ ናቸው። ዛሬም እዚያው ናቸው።

ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደው ሰውስ? እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከደጋ የሚወርደው ሰው ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ግብር ሰብሳቢ፣ የዝሆን ጥርስ ፈላጊ፣ ባሪያ ፈንጋይም ይወርድ ነበር። ብዙ የቆላ መንደሮች ልጆቻቸውን አጥተዋል። ከጌቶቻቸው ያመለጡ ሰዎች ኋላ በእንግሊዞች ሥር ወደነበረው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ገብተው ነጻነት የጠየቁበትም ጊዜ ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነው። የባርነት ጉዳይ በዚያ ጊዜ ትልቁ መከራከሪያ ነበር። ከጋምቤላ አካባቢ የሚወጣው ወሬም ለክርክሩ አንዱ ማገዶ ነበር። የአያትዎ አባት ቡና ነጋዴ ነበሩ፣ በዚህ ነገር እጃቸው አለበት እያልኩ አይደለም። ግን እሳቸው ከሚሄዱበት መንገድ ዳር ያለው መንደርተኛ ከደጋ የሚወርደውን ሰው ሲያይ ምን ይሰማው እንደነበር ማወቅ የታሪኩ አካል ነው።

አሁን ወደ መርከቡ እንምጣ።

ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳይና እንግሊዝ ለነጭ አባይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ምኒልክም ወሰናቸው እስከ ነጭ አባይ እንደሚደርስ አሳውቀው ነበር። የኢሉባቦሩ ገዢ ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ ኋላ ራስ የሆኑትና የልጅ ኢያሱ እንደራሴ የነበሩት፣ ጦር ይዘው ባሮን ተከትለው ወረዱ። ሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ አባይ የሚገናኝበት ቦታ ደረሱ። ፈረንሳዮችም አብረው ነበሩ፣ አርታሞኖቭ የሚባል የሩሲያ መኮንንም ነበር። ባንዲራ ተተከለ። ግን ክረምት ነው። ውሃው መጥቷል፣ ወባው ተነስቷል፣ የደጋ ሰው እየታመመ ይወድቃል። ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ማርሻን የሚባለው የፈረንሳይ መኮንን ከምዕራብ በኩል አፍሪካን አቋርጦ ነጭ አባይ ዳር ያለችው ፋሾዳ የደረሰው ጥቂት ሳምንት ዘግይቶ ነው። በመካከል ተጠፋፍተዋል።

ማርሻን ፋሾዳን ለእንግሊዝ ለቅቆ እንዲወጣ ሲታዘዝ በኢትዮጵያ በኩል ለመውጣት መረጠ። ፌደርብ በምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ሶባትንና ባሮን ይዞ ወጣ። ወሩ ታህሳስና ጥር ነበር። መርከቧ ከዚያ በላይ መሄድ አቃታት። እዚያው ባሮ ላይ ትቷት በጎሬ አድርጎ በእግርና በበቅሎ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ጅቡቲ። የተሰማ ጦር ውሃው ሞልቶ ተቸገረ። የማርሻን መርከብ ውሃው ጎድሎ ተቸገረች።

ከዚያ ውል መጣ። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የሱዳንን ወሰን ውል ተፈራረሙ። ስለ አባይ ውሃ ክርክር ሲነሳ ሁሌ የሚጠቀሰው ያው ውል ነው። አባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚዘጋ ሥራ ያለ ስምምነት አይሠራም የሚለው ሦስተኛው አንቀጽ ሁሉም አፍ ላይ ነው። የቀጣዩን አንቀጽ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አራተኛው አንቀጽ ምኒልክ ኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጡ ይላል። የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይበልጥም። አገልግሎቱ ለንግድ ጣቢያ ብቻ ነው። ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ተብሎ ተጽፏል። ጊዜውም ተወስኗል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ።

እንግዲህ ጋምቤላ የእንግሊዝ ነበረች የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። መሬቱ የኢትዮጵያ ነው፣ ተከራዩ የሱዳን መንግሥት ነው፣ የሱዳን መንግሥት አዛዥ ደግሞ እንግሊዝ ነው። በዚያች ትንሽ ክልል ውስጥ የሱዳን ሹም፣ የሱዳን ፖሊስ፣ የሱዳን ጉምሩክ ነበሩ። ከክልሉ ውጭ ያለው ሁሉ የኢትዮጵያ ነው። አያትዎ አልተሳሳቱም። ጋምቤላ ስንል ግን ዛሬ ሰፊው የጋምቤላ ክልላዊ መንግሥት በሙሉ ስለሚመጣብን ነው ነገሩ እውነት የማይመስለው። የተከራየው አንድ ጥሩ እግረኛ በግማሽ ሰዓት ዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው መሬት ነው።

ውሉ ኢታንግን ቢጠቅስም ጣቢያው የጸናው ጋምቤላ ላይ ነው። ኢታንግ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ጋምቤላ ዳርቻዋ ከፍ ያለ ነው። ከደጋው ለሚወርደው ነጋዴም ትቀርባለች። ከዚያ በላይ ደግሞ ወንዙ ራሱ መርከብ አያስኬድም።

ያው ውል ወሰኑንም አሰመረ። ግዊን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን በ1895 ዓ.ም. መሬት ላይ ምልክት አደረገ። መስመሩ ከጅካዎ በታች ባሮን ራሱን ይከተላል፣ ከዚያ ፒቦርን፣ ከዚያ አኮቦን። ለካርታ ሠሪ ወንዝ ግሩም ወሰን ነው። ለኑዌርና ለአኙዋ ግን ወንዙ የመኖሪያቸው መሃል ነው። ሁለቱም ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። በጋ ከብቱን ይዞ የሚሻገረው ሰው ሁለት መንግሥት ግብር ይጠይቀው ጀመር። አንዱ ሲጫነው ወደ ሌላው መሻገርንም ቶሎ ለመደ።

ስለ ቡናው ልንገርዎ። እዚህ ላይ ነው የአያትዎ አባት የሚገቡት።

ቡና የሚለቀመው ከመስከረም ገደማ ጀምሮ ነው። ደርቆ ለገበያ ሲደርስ መንገዱም ይደርቃል። የጎሬና የሰዮ፣ ማለትም የደምቢ ዶሎ፣ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አጋሰሱን ጭኖ የሚወርደው በበጋ ነው። ክረምት አይሞከርም። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ አያሻግርም፣ ሰውም በቅሎም ይታመማል። ከጎሬ የሚነሳው ቡሬ ላይ ያድራል። ቡሬ የደጋው ጠርዝ ናት። ከቡሬ ወዲያ መንገዱ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል። ጋምቤላ ሲደርስ ቡናው በፈረሱላ ይመዘናል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ገደማ ነው። ገዢዎቹ አብዛኞቹ ግሪኮችና ሶርያውያን ነበሩ። ሒሳቡ በማርያ ቴሬዛ፣ በጠገራ ብር ነው። ነጋዴው ገንዘቡን በሙሉ ይዞ አይመለስም። ጨው ይጭናል፣ አቡጀዲ ይጭናል። በሱዳን በኩል በመርከብ የመጣው ጨው ርካሽ ስለነበር በምዕራቡ ገበያ አሞሌን ገፋው።

መርከብ ግን በበጋ የለም። ስለዚህ ቡናው መጋዘን ውስጥ ይከማቻል። ከታህሳስ እስከ ግንቦት ጆንያ በጆንያ ላይ ይደረደራል። ሰኔ ላይ ውሃው ሲነሳ የመጀመሪያው መርከብ ይመጣል፣ ከጎኑ ጭነት የሚጎተትባቸው ጀልባዎች ታስረው። መርከቦቹ የሱዳን መንግሥት ናቸው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ይመላለሳሉ። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። ውሃው መጉደል ሲጀምር የመጨረሻው መርከብ ካልፈጠነ እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ እዚያው አሸዋ ላይ ሊቀር ይችላል።

ይህን በዝርዝር የነገርኩዎት በምክንያት ነው። ቡና የሚያወርደው የጎሬ ነጋዴ በበጋ መጥቶ በበጋ የሚመለስ ሰው ነው። መርከቡ የሚመጣው በክረምት ነው። ስለዚህ የአያትዎ አባት ብዙ ጊዜ ጋምቤላ ወርደው መርከቡን በዓይናቸው ሳያዩ የተመለሱበት ዓመት ብዙ ይሆናል። መርከቡ ሲጫን አይቻለሁ ብለው ከነበረ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ወይ ከመርከቡ ጋር በቀጥታ ይነጋገሩ ነበር፣ ወይ ጋምቤላ ላይ ቤት ወይም ወኪል ነበራቸው፣ ወይ ደግሞ በሰኔ መግቢያና በጥቅምት መውጫ ላይ ያሉትን አጭር ቀናት ጠብቀው ይጓዙ ነበር። የቤተሰብዎን ወሬ በዚህ መመዘን ይችላሉ።

ጭነት ብቻ አይደለም ያ መንገድ ያመጣው። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ካለፈ በኋላ ላምቢ የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም ከሱዳን በኩል በጋምቤላ አድርጎ ሰዮ ገባ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ከጀመሩት አንዱ እሱ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ሆስፒታል ከፍቷል። ጋዜጣ፣ ደብዳቤና እንግዳም በዚያው መንገድ ይገባ ነበር። ጎሬ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለካርቱም የምትቀርብበት ዘመን ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም፣ በክረምት ማለቴ ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ አስተዳደሩ ጎሬ ላይ ሊቀጥል የሞከረውም ከጀርባው የጋምቤላ በር ስላለ ጭምር ነው።

ጣሊያን ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተናጋ። የቡና ዋጋ ቀድሞም በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ወድቆ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጋምቤላ በጣሊያን እጅ ነበረች። መጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቅኝ ጦር ከምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ጋር አስለቀቃት። ከዚያ የቤልጂግ ኮንጎ ጦር መጣ። አዎ፣ የኮንጎ ወታደሮች አፍሪካን አቋርጠው፣ ነጭ አባይንና ሶባትን ይዘው ባሮ ዳር ደረሱ። ከጋምቤላ ወደ ሰዮ ሽቅብ እየተዋጉ ወጡ። ክረምቱ መግባት ሲጀምር ስንቅ በወንዙ ይደርሳቸው ጀመር። በ1933 ሰኔ መጨረሻ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሰዮ ላይ እጁን ሰጠ። ለምዕራብ ኢትዮጵያ ደማቸውን ያፈሰሱ ኮንጎዎች መኖራቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ቢታወቅ ደስ ይለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ መርከቡ ተመለሰ። ግን ቀኑ እየመሸ ነበር። የመኪና መንገድ እየሰፋ ሄደ። ቡናው ፊቱን ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ሱዳን ታህሳስ 1948 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። በምኒልክ ውል መሠረት ኪራዩ እዚያ ላይ ያበቃል። በ1949 መጀመሪያ ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ጥይት አልተተኮሰም። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ግን ጦርነት ተጀምሮ ነበር። የውሃው መንገድ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። መርከቡ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፣ ጥያቄዎም ስለ ድሮው ስለሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ኢታንግን ሞሉት። ያች የአኙዋ መንደር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ የያዘ ካምፕ ሆነች። በጊሎ ወንዝ በኩል ፒኙዶ ላይ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ተከማቹ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደርግ ሲወድቅ ካምፖቹ በድንገት ተበተኑ፣ ጊሎን ሲሻገሩ ብዙ ልጆች ውሃ በላቸው። በ1977ና 78 ደግሞ ከድርቅ የተነሱ የደጋ ሰዎች በሠፈራ መጡ። አልዌሮ ላይ ግድብ ተሠራ፣ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ታስቦ። እያንዳንዱ ነገር የወረደው ያው የወንዝ ዳር መሬት ላይ ነው። አስቀድሞ የነበረው መንደርተኛ ምን ተሰማው ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ከእኔ ይልቅ እዚያው የሚኖሩት ቢነግሩዎት ይሻላል።

አሁን ተግባራዊ ነገር ልንገርዎ። የአያትዎን አባት ዱካ መከተል ከፈለጉ ከቤት ይጀምሩ። በሕይወት ያሉ አክስት አጎት ካሉ በየት ዓመት ብለው አይጠይቋቸው። ዓመት ይምታታል። ይልቅ ምን ወር ይወርዱ ነበር፣ ቡሬ ላይ ማን ቤት ያድሩ ነበር፣ ቡናውን ለግሪክ ነው ለማን ይሸጡ ነበር፣ ሲመለሱ ምን ይዘው ይመጡ ነበር ብለው ይጠይቁ። የወርና የዕቃ ትዝታ አይጠፋም። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት፣ የጉምሩክ ደረሰኝ፣ የክስ ወረቀት ከተገኘ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት፣ ማንበብ ቢያቅትዎም።

ወረቀቱን ከቤት ውጭ ለመፈለግ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ብዙ ሰው አዲስ አበባ ብቻ ፈልጎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጣቢያው የሱዳን መንግሥት ስለነበረ ሰነዱም የተጻፈው በሱዳን በኩል ነው። በዚያ ዘመን ሱዳን ያገለገሉ እንግሊዞች ደብዳቤና ፎቶግራፍ በብዛት የተቀመጠው እንግሊዝ አገር ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ባለው የሱዳን መዝገብ ቤት ነው። ማውጫውን ከቤትዎ ሆነው ኢንተርኔት ላይ መፈተሽ ይችላሉ፣ የጋምቤላን ስም ጽፈው ይጀምሩ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም በምዕራብ ኢትዮጵያ ንግድ ላይ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉት። ከጎሬና ከጋምቤላ ሽማግሌዎች የተሰበሰበ ቃል የያዙት በተለይ ይጠቅሙዎታል።

ጋምቤላ ድረስ ከሄዱ ደግሞ ከተማው ውስጥ ብቻ አይቆዩ። ኢታንግ ድረስ ይውረዱ። ህዳር ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ መንገዱም ይደርቃል፣ በቆሎውም ሲተከል ያያሉ። አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ስለ ቡና ነጋዴዎቹ ከወንዙ ዳር ሆኖ ምን እንደሰማ ይጠይቁልኝ። የጎሬውን ወገን ትዝታ እርስዎ ይዘዋል። ያኛውን ወገን የጻፈ ሰው እምብዛም ስለሌለ፣ የሚሰሙትን ሁሉ በስልክዎ ይቅዱት፣ ሽማግሌውንም አስፈቅደው።